ከዓይናለም የጠፉት ቀናት

በሩ ሲከፈት ፓምፑ ይሠራ ነበር። በኋላ የተጠየቀ ሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው ይህንኑ ነው።

ኣረጋዊ የውሃ ጉድጓዶችን ጥልቀት የሚለካ ሠራተኛ ነበር። የዘመን መለወጫን ከወላጆቹ ዘንድ በዓዲግራት አሳልፎ፣ በመስከረም ሦስት ቀን 2010 ዓ.ም. ማለዳ የከተማው ውሃ ወደሚቀዳበት ወደ ዓይናለም ወጣ። ከሌሎቹ ጉድጓዶች ሁሉ ርቆ ከእርሻው መካከል ብቻውን የቆመውን የፓምፕ ቤት ደረሰ፤ ከውጭ የተንጠለጠለውን ጓጉንቸር ከፍቶ የብረቱን በር ገፋ። በሩ እንቢ አለው። ከውስጥ የሚደግፈው ነገር ነበር። በትከሻው ሲያይልበት ጥቂት ተላቀቀ፤ በክፍተቱ በኩል በመጀመሪያ የሞተሩ ጉርምርምታ፣ ቀጥሎም ሽታው ወጣ።

ኢንስፔክተር ዘርኡ ሲደርስ ፀሐይ ጤዛውን ገና አልጨረሰችውም ነበር። ረጅም፣ ከሲታ፣ ንግግሩን እንደ ደመወዙ ቆጥቦ የሚጠቀም ሰው ነው። ከበሩ ሥር ወደተኛው ሰው አጎንብሶ ብዙ ቆየ። ሟቹ የፓምፑ ጥበቃ ይማም ነው፤ ከወሎ የመጣ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል። የራሱ ቁልፍ በኪሱ አለ። በቀኝ መዳፉ ላይ ጠባሳ የመሰለ ጥቁር ነጥብ ይታያል። ከፓምፑ ሥር እስከ በሩ ድረስ፣ ጭቃ በነካው ሲሚንቶ ላይ አንድ ሰፊ የመጎተት ፈለግ ነበረ።

«ተጎትቶ ነው ወይስ ራሱ ድሆ?» አለች ሳጅን ኣበራሽ። የዘርኡ ረዳት ናት፤ የልቧን ከመናገር የማትመለስ።

«የጎተተው ሰው ቢኖር የእግሩ ኮቴ ይታይ ነበር። ራሱ ነው የዳኸው።»

«ታዲያ በሩን ከውጭ የቆለፈው ማነው?»

ዘርኡ ጓጉንቸሩን በመዳፉ ያዘው። ለመክፈት ቁልፍ ይሻል፤ ለመቆለፍ ግን መጫን ብቻ ይበቃዋል።

«ማንም ሊሆን ይችላል» አለ። «ያንን ሞተር አጥፉልኝ።»

ሞተሩ ሲቆም የመጣው ጸጥታ ለሁሉም ከበደ። ከተማው በዓሉን የተቀበለው፣ ድግሱን ያበሰለው፣ ልጆቹን ያጠበው ከዚህ በሚወጣ ውሃ ነበር። ውሃው ስላልተቋረጠ ማንም ይማምን አላሰበውም።

ሐኪሙ አስከሬኑን አይቶ ሞቱ ከበዓሉ በፊት መሆኑን ተናገረ፤ በጳጉሜ ሦስት ወይም አራት ገደማ። ሳጅን ኣበራሽ ስለ ሟቹ የምትሞላው ወረቀት በእጇ ነበር።

«የቅርብ ዘመድ የሚል አለ። ምን ልበል?»

«የመጣ ሰው አለ?»

«ማንም።»

«የለም በይ» አላት ዘርኡ።

•

ከእርሻው ማዶ የሚኖሩት አደይ ሸዋወርቅ ጎረቤት ተብለው ተጠየቁ።

«እኔ የሰው ነገር አላዳምጥም» አሉ። «ግን የሩፋኤል ዕለት፣ ጳጉሜ ሦስት፣ ዝናቡ ሲያባራ ልጆቹን ከደጅ ላስገባ ወጥቼ ሳለ ጆሮዬ የራሱን አደረገ። ያ ጨርቅ ነጋዴው፣ የአገሩ ልጅ፣ ጀላሉ የሚሉት፣ በጥበቃው ላይ ይጮህበት ነበር።»

«ምን ይላል?»

«‹ከዛሬ ጀምሮ ለእኔ ሞተሃል!› አለው። በዚህች ጆሮዬ።»

«ሌላስ? ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው አለ?»

«እንግዳ አላየሁም፣ ወደይ፣ ልጄ።»

ጀላሉ በዚያው ዕለት ከሱቁ ተያዘ። ሲይዙት አልሸሸም፤ የይማምን መሞት ሲነግሩት ግን የሚለካውን ጨርቅ ጣለና መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ሁለት ፖሊሶች ደግፈው አነሡት። ፍርድ ቤቱ የጊዜ ቀጠሮ ሰጠ። በቀጠሮው ማግስት መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይተላለፋል፤ እስከዚያ ሌላ ነገር ካልተገኘ ጀላሉ በነፍስ ግድያ ይከሰሳል። ይህን ዘርኡ ያውቃል፤ የጀላሉ ሚስት ረሒማም ታውቃለች። በየማለዳው የምግብ ሳህን ይዛ ከጣቢያው ደጃፍ ትቀመጣለች፤ ሳህኑን ካስረከበችም በኋላ አትሄድም።

«እኅቴ፣ እዚህ መቀመጥሽ ለጉዳዩ አይረዳውም» አላት ዘርኡ አንድ ቀን ሲያልፍ።

«አውቃለሁ ጌታዬ። እቤትም ብቀመጥ አይረዳውም። እዚህ ሲሆን አንቱ ሲያልፉ ያዩኛል።»



•

ጉድጓዶቹን የሚጠብቀውና የሚለካው አንድ የኮንትራት ድርጅት ነበር። ቢሮው በከተማው በሓወልቲ ሰፈር፣ ከሰማዕታቱ ሐውልት በሚታይ ሕንፃ ላይ ነው። ኃላፊው ኢንጂነር ጎደፋ ዘርኡን በአክብሮት ተቀበለው፤ ወንበር ሳበለት፤ ስለ ይማም ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ታማኝ ልጅ ነበር። ፈቃድ እንኳ ጠይቆ አያውቅም።»

«የፓምፕ ቤቱ ቁልፍ በማን እጅ ነው?»

«አንዱ በጥበቃው። አንዱ በለኪው በኣረጋዊ። አንዱ በእኔ፣ ለመጠባበቂያ።»

«በጳጉሜ ከድርጅቱ ወደዚያ የሄደ ሰው አለ?»

ጎደፋ የሚጠብቀው ጥያቄ ነበር። በፕላስቲክ የተጠረዘ ሪፖርት አወጣ። «የእኛ ሕግ ጥብቅ ነው፤ በሩን የከፈተ ሁሉ የውሃውን ጥልቀት ለክቶ፣ ቀኑን ጽፎ በስልክ መልእክት ይልካል። መልእክቶቹን የስታቲስቲክስ ባለሙያ በኮምፒውተር ትተነትናቸዋለች። ይኸው የዓይናለም ሰንጠረዥ። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ሁሉም ሞልቷል። ጳጉሜ ዜሮ። አንድም ልኬት የለም። ማንም አልሄደም ማለት ነው።»

«ኣረጋዊ ሲያርፍ የሚተካው ማነው?»

«በጳጉሜ አንለካም። ሰንጠረዡ ራሱ ይናገራል።»

ዜሮው ክብ፣ ንጹሕ፣ አንዳች ጥርጥር የሌለበት ነበር። ዘርኡ ሪፖርቱን ተቀብሎ ወጣ። ሳጅን ኣበራሽ በማኪናው ውስጥ ትጠብቀው ነበርና ፊቱን አየችው።

«ኢንስፔክተር፣ ወረቀት በያዙ ቁጥር ፊትዎ የሁዳዴን ሦስተኛ ሳምንት ይመስላል።»

«ንጂ፣ ሳጅን።»

•

ጀላሉ ከጠባቡ የምርመራ ክፍል ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ጢሙ አድጓል።

«‹ለእኔ ሞተሃል› አልከው?»

«አልኩት።»

«ለምን?»

«አረፋን አገር ቤት ሄጄ ነበር፣ ወረኢሉ። አንድ ሰፈር ነን። የአረፋ ዕለት እናቱ ደጅ ላይ ቁማ፣ ከመኪናው የሚወርደውን ሁሉ ስታይ ዋለች። ይማም ግን አልመጣም። በጉን ያረዱላት ጎረቤቶች ናቸው። እሷ ከሥጋው ቋንጣ ሰቅላ፣ ‹ለልጄ አድርስልኝ› ብላ በእጄ ሰጠችኝ። የጳጉሜ ሦስት ጁምዓ ሰግጄ ቋንጣውን ይዤለት ሄድሁ።»

«ከዚያስ?»

«‹ለምን አልመጣህም?› አልሁት። ‹ፈቃድ ከለከሉኝ፤ ተተኪ የለም አሉኝ› አለኝ። አላመንሁትም። ‹እናትህን በቧንቧ ለወጥካት› አልሁት። እሱ ቋንጣውን አሽትቶ አለቀሰ። እኔ ንዴቴ አልበረደም፤ ያልሁትን ብዬው ሄድሁ።» ጀላሉ መዳፉን ፊቱ ላይ አሳረፈ። «ሲያለቅስ ነው የተውሁት። ሌላ ያደረግሁት የለም፤ ወላሂ፣ ያችው ትበቃኛለች።»

«እናት አለችው?» አለ ዘርኡ ቀስ ብሎ።

«እንዴት አትኖረውም፣ ጌታዬ? ከሰማይ ወረደ እንዴ?»

ዘርኡ የጻፈበትን እስክሪብቶ አስቀመጠ። ለሳጅን ኣበራሽ «የለም በይ» ያለው ቃል ትዝ አለው። ያልጠየቀውን ነገር እንደሌለ አድርጎ ነበር ያስሞላው።

«ታዲያ የቀበረው ማነው?» አለ ጀላሉ። «እናንተ ጋ ታስሬ ሳለ?»

«የዓይናለም መስጊድ ሰዎች ናቸው የወሰዱት።»

ጀላሉ ሌላ ነገር ሊጠይቅ አፉን ከፈተና ተወው።

•

የኣረጋዊን ነገር ሳጅን ኣበራሽ ዓዲግራት ድረስ ሄዳ አጣራች። ጳጉሜን በሙሉ እዚያው ነበር፤ በመንደሩ ሠርግ ላይ ድንኳን ሲተክል ያላየው ሰው የለም። ዘርኡ ግን አንድ ጊዜ ሊያነጋግረው ፈለገ።

«ቁልፉን ለማን ትተህ ሄድክ?»

«ለማንም፣ ጋሼ። ከእኔው ጋር ነበረ።»

«በጳጉሜ ሥራ የለም አይደል?»

ኣረጋዊ ሣቀ። «ማን አለ? ዘንድሮ የአጎቴ ልጅ ስታገባ ለምኜ ነው ያረፍሁት። አምና የሩፋኤልን ዝናብ የጠገብሁት እዚያው ጉድጓድ ላይ ነው። ሰው ለበረከት ይታጠባል፣ እኔ ሜትር ይዤ በሰበስሁ! በርዶኝ ይማም ኮቱን ሰጥቶኛል፤ ነፍሱን ይማር።»

«አምና በጳጉሜ ለካህ?»

«እንደማንኛውም ቀን።»

«መልእክቱንም ላክህ?»

«ካልላክሁ ደመወዝ ማን ይሰጠኛል?»

•

ዘርኡ የሚኖረው አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር ባሉት ቤት ነው። ሚስቱ ለተኪዳን ከሞተች ወዲህ ሁለተኛውን ወንበር ለጎረቤት ሰጥቶታል፤ ባዶውን ማየት ስላልቻለ። ያን ዕለት ከሥራ ሲመለስ ራቱን ሳይቀምስ ሪፖርቱን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። መስኮቱ ላይ የቀን ብርሃን ገና ነበረ። ከውጭ የጎረቤት ልጆች ድምፅ ይሰማል፤ ከውስጥ የእርሱ ወረቀት መገለጥ ብቻ።

ሰንጠረዡ የሦስት ዓመት ነበር። የዘንድሮን ጳጉሜ አየ፦ ዜሮ። የአምናን አየ፦ ዜሮ። የካቻምናንም፦ ዜሮ።

ኣረጋዊ በአምናው ጳጉሜ ዝናብ መታኝ ብሏል። ሊዋሽ የሚያስገድደው ነገር የለም፤ እንዲያውም እንደ ቀልድ ነው የተናገረው። እርሱ እውነቱን ከተናገረ የአምናው ዜሮ ሐሰት ነው። የአምናው ሐሰት ከሆነ ደግሞ በዘንድሮው ላይ እንዴት ይታመናል?

ወረቀቱን ሲያገላብጥ ከግርጌው የተጻፈውን ስም አነበበ፦ ትንተና፣ ዮሃና።

•

ዮሃና በሓወልቲ አካባቢ ከአንድ ካፌ በላይ ባለች ክፍል ብቻዋን የምትሠራ ወጣት ናት። ክፍሏ ውስጥ ኮምፒውተር፣ ማራገቢያና አንድ የደረቀ አበባ ነበር። 

«ጓለይ፣ ልጄ» አላት ዘርኡ፣ «እኔ ይህን ማሽን አላውቅም። ሕፃን እንደምታስተምሪ አስረጂኝ። በጳጉሜ ማንም አልለካም?»

«ለክተዋል» አለች ዮሃና።

ከታች የቡና ማሽን ፉጨት ተሰማ።

«ታዲያ ዜሮው?»

ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረች። «ሰዎቹ በመልእክት የሚልኩት ቀን ለፕሮግራሙ መጀመሪያ ተራ ጽሑፍ ነው። ጽሑፍ ደግሞ አይደመርም፣ በወር በወር አይከፈልም። ስለዚህ ያንን ዓምድ ‹ይህ ቀን ነው› ብዬ ዓይነቱን እለውጠዋለሁ። ፕሮግራሙ የሚያውቀው ግን የፈረንጆችን ዘመን ነው። ስድስተኛ ወር ሲባል የራሱን ስድስተኛ ወር ያስባል፤ እኔ ወር በወር ለመቁጠር ብቻ ስለምፈልገው ግድ አልሰጠኝም። ዐሥራ ሦስተኛ ወር ሲመጣበት ግን...»

«ፈረንጅ ዐሥራ ሦስተኛ ወር የለውም።»

«የለውም። አይቆጣም፣ አይጮህም፤ ቀኑን ሰርዞ በቦታው ‹አይታወቅም› የሚል ምልክት ያኖራል። ዐውቄ ብፈልገው አገኘዋለሁ፤ ካልፈለግሁት ዝም ብሎ ይቀመጣል። የጥቅምት ሃያ ዘጠኝና ሠላሳም እንዲሁ ይጠፋሉ። የእነርሱ ሁለተኛ ወር ያን ያህል ቀን የለውምና።»

«‹አይታወቅም› ነው ያልሽው። እኔ የማየው ዜሮ ነው።»

ዮሃና ፊቷ ቀላ። «እርሱን ያደረግሁት እኔ ነኝ። አምና ይህን ሳይ ለኢንጂነር ጎደፋ ነገርሁት፤ ‹የጳጉሜ ቀኖች ይጠፋሉ፣ ላስተካክለው ጊዜ ስጠኝ› አልሁት። ‹ለአምስት ቀን ብለሽ ጊዜ አታባክኚ፤ ባዶ ቦታ አለቆችን ያስቆጣል፤ ዜሮ ሙዪበት› አለኝ።»

«ሞላሽ።»

«ሞላሁ። አንድ መስመር ትእዛዝ ነው፤ ባዶውን ሁሉ በዜሮ ለውጥ ይላል። ዘንድሮም ያው ትእዛዝ ሠራ።»

«ዜሮ ማለት ቆጥሬ አጣሁ ማለት ነው» አለ ዘርኡ፣ ከእርሷ ይልቅ ለራሱ የሚናገር መስሎ። «ባዶ ማለት አልቆጠርሁም ማለት ነው። አንዱን በሌላው መተካት የሐሰት ምስክርነት ነው።»

«ስሜ ከሥሩ አለ፣ ጋሼ። ይገባኛል።»

«ስምሽ ከሥሩ ስላለ ነው ያገኘሁሽ። የተላከው እንደተላከ አለሽ?»

«የመጀመሪያውን አልነካም። አንድም አልጠፋም።»

ዓምዱን ወደ ጽሑፍነቱ መለሰችውና የዓይናለም መልእክቶች አንድ በአንድ ወረዱ። የጳጉሜ ቀናት ተገለጡ፤ የተቀበሩበት ቦታ ሲከፈት እንደሚታዩ ነገሮች። ጳጉሜ አንድ፣ የይማም ጉድጓድ፣ ልኬቱ አለ። ጳጉሜ ሁለት፣ አለ። ጳጉሜ ሦስት፣ አለ። ላኪው በሦስቱም ቀን ጎደፋ ነው።

«ከሦስት በኋላስ?» አለ ዘርኡ።

ዮሃና ፈለገች። ጣቷ ሳታስበው ቆመ።

«የለም። ይህኛው ፕሮግራሙ ያጠፋው አይደለም፤ ከመጀመሪያው አልተላከም።»

«ሌሎቹን ጉድጓዶች ተመልከቺ።»

ጎደፋ በጳጉሜ አራት የዓይናለምን ሌሎች ጉድጓዶች ሁሉ ለክቶ ልኳል። በአምስትም እንዲሁ። በበዓሉ ማግስትም። ያንን አንዱን ብቻ በየቀኑ አልፎታል።

«ወደ ሌሎቹ የሚወስደው መንገድ በየት በኩል ነው?» አለች ዮሃና ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

«በፓምፕ ቤቱ ደጃፍ» አለ ዘርኡ።

•

ወደ ጣቢያ ከመመለሱ በፊት አደይ ሸዋወርቅ ዘንድ ጎራ አለ።

«አደይ፣ የሩፋኤል ዕለት ጀላሉ ከሄደ በኋላ የመጣ ሰው የለም ብለውኛል።»

«እንግዳ የለም ነው ያልሁህ።»

«እንግዳ ያልሆነስ?»

«እህ! የመሥሪያ ቤቱ ማኪና ነዋ። ነጩ። እርሱማ የየቀኑ ነው፤ እርሱን ደግሞ ማን ይቆጥረዋል?»

•

በማግስቱ ረፋድ ላይ ዘርኡ ኢንጂነር ጎደፋን ወደ ፓምፕ ቤቱ ይዞት ሄደ። «ስለ መቆለፊያው የሚያሳዩኝ ነገር አለ» ነበር ያለው። ሳጅን ኣበራሽ ከኋላቸው ቆመች። እርሻው ላይ የአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ተንጣሏል፤ ሰው ግን አልነበረም።

«በቁልፍዎ ይክፈቱልኝ።»

ጎደፋ ከፈተ። ገብተው ቆሙ። ፓምፑ ሌላ ጥበቃ ተቀጥሮለት እንደገና ይሠራ ነበርና ዘርኡ አስጠፋው።

«ጳጉሜ ሦስት እዚህ ነበሩ።»

«ሰንጠረዡን ሰጥቼዎታለሁ።»

«መልእክቱን አይቻለሁ። ከሰንጠረዡ በፊት ያለውን።»

 ጎደፋ ሰው ሲታመም እንደሚያደርገው ግድግዳውን ያዘ።

«እንደደረሱ ለኩ፤ ላኩ» አለ ዘርኡ። «ሕጉን አክብረዋል። የተላከ መልእክት ደግሞ አይመለስም። ሆኖም በጳጉሜ የተላከ ሁሉ ዜሮ እንደሚሆን ከአምና ጀምሮ ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን እርስዎ ይንገሩኝ።»

«አልገደልሁትም።»

«ይንገሩኝ።»

«ዝናቡ ገብቶ ወለሉ ውሃ ሆኖ ነበር» አለ ጎደፋ። «ይማም ከፓምፑ ኋላ ሆኖ በጣሳ ይቀዳ ነበር። አላየሁትም። ሞተሩ ቆሞ ስለነበር መጥቼ ማብሪያውን ሳብሁት። ሽቦው ከወዲያ በኩል ተልጧል፤ እንዲቀየር ሁለት ጊዜ ነግሮኝ ነበር። ጮኸ። ኤሌክትሪኩ ወረወረውና ራሱ ሲሚንቶው ጠርዝ ላይ አረፈ።»

«አጠፉት?»

«ወዲያው አጠፋሁት።»

«ስንከፍተው ይሠራ ነበር።»

ጎደፋ ዐይኖቹን ጨፈነ። «ሽቦውን ገለል አድርጌ መልሼ አበራሁት። ውሃ ከተቋረጠ ከተማው ይጮኻል፤ ከተማው ከጮኸ ሰው ይመጣል ብዬ።»

ሳጅን ኣበራሽ በትግርኛ አንድ ቃል አጉተመተመች፤ ዘርኡ እጁን አንሥቶ ከለከላት።

«ይተነፍስ ነበር?»

«አይተነፍስም ነበር።»

«አዩት?»

ጎደፋ ፊቱን አዞረ።

«አጎንብሰው አዩት፣ ኢንጂነር?»

«አላየሁም!» ድምፁ በባዶው ክፍል ጮኸ። «ማየት ፈራሁ። የሞተ መሰለኝ። የሞተ እንዲሆን... በሩን ገጥሜ ሄድሁ።»

«ያን ጊዜ የት ወድቆ ነበር?»

ጎደፋ ከፓምፑ ሥር ያለውን የሲሚንቶ ጠርዝ አመለከተ።

«የተገኘው እዚህ ነው» አለ ዘርኡ፤ በጫማው ጫፍ የበሩን መድረክ እየነካ።

ጎደፋ ከጠርዙ እስከ በሩ ያለውን ወለል ተመለከተ። ታጥቦ ነበር፤ ምንም አይታይበትም። እርሱ ግን በዐይኑ ርቀቱን ተከትሎ ሄደ፤ ቀስ ብሎ፣ መዳኽ የሚፈጀውን ያህል ጊዜ ፈጅቶ። ዐይኑ በሩ ጋ ሲደርስ ራሱም ወደዚያ ሄደ። በአስከሬኑ ስፍራ ተቀመጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ዘርኡ አላጽናናውም። ሰው ያልጠየቀውን ነገር እንደሌለ ሲቆጥር ምን እንደሚያደርግ ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር አይቶ አያውቅም፤ ራሱንም ከተማሪዎቹ ጋር ደመረ።

•

ቀጠሮው ሳይደርስ ጀላሉ ተለቀቀ። ረሒማ ከጣቢያው ደጃፍ ስታየው አልጮኸችም፤ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች፤ ባዶውን ሳህን በአንድ እጇ፣ የባሏን ክንድ በሌላው ያዘች።

ዘርኡ ሊያሰናብታቸው ወጥቶ ነበር። ከኪሱ የይማምን ወረቀት አወጣ። የቅርብ ዘመድ በሚለው ቦታ የነበረውን ቃል ሰርዞት፣ ከአጠገቡ ባዶ ትቶ ነበር።

«የእናቱን ስም ንገረኝ» አለው።

«ጁዋይሪያ ትባላለች» አለ ጀላሉ። ዘርኡ ጻፈ።

«ለእርሷ የምነግረው እኔ ነኝ» አለ ጀላሉ ቀጥሎ። «እኔ ነኝ የምሄደው። ደርሼ መርዶውን ስነግራት አንድ ነገር ትጠይቀኛለች፤ አውቃለሁ። ‹ልጄ ሲቀበር ስንት ሰው ቆመለት?› ትለኛለች። ለሰላቱ። ሰው የሌለው ሆኖ እንዳልሄደ ለማወቅ።» የዘርኡን ፊት ተመለከተ። «አንቱ ነበሩ ጌታዬ? ብዙ ሰው ነበረ?»

ረሒማም ቀና ብላ አየችው። ሁለቱም የሚፈልጉት መልስ አንድ ነበር፤ ለመስጠትም አንዲት ቃል ትበቃለች። ዘርኡ ቃሏን አፉ ውስጥ አገኛት። ብዙ ነበሩ ቢል ማን ይጎዳል? እናቲቱ በዚያ ትጽናናለች፤ ማንም ሄዶ አይቆጥርም።

«አላውቅም» አለ። «አልነበርሁም። አልጠየቅሁምም።»

ጀላሉ ራሱን ዝቅ አደረገ።  ማኪናዎች በመንገዱ ላይ ያልፋሉ፤ ከሩቅ አንድ አውሮፕላን ወደ ኩሓ አቅጣጫ ዝቅ እያለ ይወርድ ነበር።

ከዚያ ዘርኡ ባርኔጣውን አደረገ።

«መስጊዱ ከዚህ ሩቅ አይደለም» አለ። «የቀበሩት ሰዎች አሉ። ሄደን እንጠይቃቸው።»

«አንቱም?» አለች ረሒማ።

«እኔም።»

ወደ ዓይናለም የሚወስደውን መንገድ ይዘው ሄዱ፤ ባልና ሚስቱ ከፊት፣ እርሱ ጥቂት ራቅ ብሎ ከኋላ። ጥቂት እንደሄዱ ግን ጀላሉ ቆመ፤ ወደ ኋላም ዞሮ እስኪደርስባቸው ጠበቀው።